ጎማ ከመቀየርህ በፊት

ልጄ፣ የገዛሃት ፒክአፕ ሞተሯ ጤነኛ፣ ሻንሲዋ ያልተነካ መልካም መኪና ናት፤ በደህና ታገልግልህ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እጅ ላይ ያለችውን አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኗል። አሁን ጎማዋን አውጥተህ ሰፋ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ የጎላ ልትገጥምላት ማሰብህን ነግረኸኛል። ምክንያትህም ገብቶኛል። ወደ አምባሰል ገጠር ስትወጣ ድንጋዩ ሆዷን እንዳይመታት፣ ክረምት ላይ ጭቃ እንዳይዛት፣ ቁመናዋም እንዲያምር ፈልገህ ነው። መልሴን አላንዛዛብህም፤ እንዲህ ባለው ጎማ አትቀይራት። ለምን እንደምልህ ግን በዝርዝር ስማኝ፤ ዕድሜዬን ከመሪ ጀርባ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ብቻ ቃሌን እንድትቀበል አልፈልግም። ራስህ አስበህ፣ ራስህ ለክተህ እንድትደርስበት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ በወር ውስጥ የምትሄድበትን መንገድ ቁጠረው። ከምትኖርባት ከሐይቅ ከተማ ዓሣ ጭነህ ደሴ ታደርሳለህ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም አስፋልት። ስትመለስ የሱቅ ዕቃ ትጭናለህ። በገበያ ቀን በሱሉላ አልፈህ ውጫሌ ትደርሳለህ፤ እሱም አስፋልት ነው። አልፎ አልፎ በሐረጎ ወርደህ ኮምቦልቻ ትገባለህ። ኮሮኮንቹና ጭቃው የሚመጣው ወደ ገጠር ቀበሌ ስትጠራ፣ ለመስከረም 21 ደግሞ ምዕመን ጭነህ ወደ ግሸን ስትወጣ ነው። እነዚያ ቀኖች ጥቂት ናቸው። ትልቁ ጎማ የሚጠቅምህ በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ነው፤ ናፍጣውን ግን በሌሎቹም ቀኖች ሁሉ ይወስዳል።

ቁጥሩን እንየው። አሁን ባለው ጎማህ ጎን ላይ 265/70 አር 16 ተብሎ ተጽፏል። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። አር ራዲያል ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ 406 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ265 ሰባ በመቶ 185 ተኩል ነው። ይህ ጎን ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ደምረው፤ ከ406 ጋር 777 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የጎማህ ሙሉ ቁመት ይህ ነው። አንተ የወደድከው 285/75 አር 16 በዚሁ ስሌት 834 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 7.3 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የሚያልፈው ነገር አለ። ጎማው በ57 ሚሊ ሜትር ቢያድግም መኪናዋ ከፍ የምትለው በግማሹ ነው፤ አክስሉ የሚቀመጠው ከጎማው መሃል ላይ ነውና። ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው በ28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሣንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ላይ ሆዷን የሚመታት ድንጋይ ስንት ሣንቲ ሜትር እንደሚበልጣት አንተ ታውቀዋለህ፤ አብዛኛው በሦስት ሣንቲ ሜትር የሚታለፍ አይደለም። የሚያልፈው መስመሩን አይቶ ጎማውን ድንጋዩ ላይ የሚያወጣ ሾፌር ነው።

ለዚህች ቁመት የምትከፍለው ምንድን ነው? የአሁኑ ጎማህ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ44 ሣንቲ ሜትር ይሄዳል። ትልቁ 2 ሜትር ከ62 ይሄዳል። ባልዲ ውሃ ደረትህ አጠገብ ስትይዝና ክንድህን ዘርግተህ ስትይዝ ያለውን ልዩነት አስብ፤ ሞተሩም ያንኑ ጭነት ከአክስሉ በራቀ ቦታ ላይ ሆኖ እንዲገፋ ትጠይቀዋለህ። አምራቹ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ጥርስ የቆጠረው ለ777 ሚሊ ሜትር ጎማ ነው። ጎማው ሲያድግ መሬቱን የሚገፋው ኃይል በሁሉም ማርሽ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል። በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ትወጣዋለህ፤ ወይም በሦስተኛ እያቃሰተች፣ አንተ ነዳጁን እስከ ወለል ረግጠህ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትወጣዋለች። ያ ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው።

ትልቅ ጎማ ናፍጣ ይቆጥባል የሚል ሰውም ታገኛለህ። ውሸታም ነው አልልህም። ለጥ ባለ ሜዳ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ለሚሄድ ሰው ሞተሩ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ጥቂት ሊቆጥብ ይችላል፤ ያውም የጎማው ጥርስ ለስላሳ ከሆነ። እኛ ግን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አንኖርም። ከቤትህ ወጥተህ ደሴ እስክትደርስ ወደ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ።

ከፍታውን ካነሳን ዘንዳ ቆም ብለን እንየው፤ ለእኛ አገር ሾፌር ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁና። ሞተር ናፍጣ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ያንተን መኪና የመሰለ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ፤ ግሸን ወደ 3,000 ይጠጋል። መኪናህ በርህ ላይ ቆማ እንኳ ፋብሪካው ከሰጣት ጉልበት አንድ አምስተኛውን አጥታለች። ግሸን ስትደርስ ያጣችው ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ይህን ከፍታው ወስዶታል፤ ማንም አይመልስልህም። ትልቁ ጎማ ደግሞ ከቀረው ላይ ሌላ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህኛውን ግን በገዛ ገንዘብህ የምትገዛው ነው። ዱባይ አሸዋ ላይ ትልልቅ ጎማ ያደረጉ መኪናዎች ሲዘሉ በስልክህ ታያለህ። እነሱ የባሕር ጠረፍ አየር የሚተነፍሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም የዲፈረንሻላቸው ጥርስ ለጎማው ተብሎ የተቀየረ ነው። አምባሰል ተራራ ላይ ያለ አሮጌ ናፍጣ ሞተር እንደነሱ እንዲሆን መጠበቅ በደል ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ነገር ስለሆነ በጥሞና ያዘው። የመኪናህ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን አያይም። የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ እያንዳንዱን ዙር በአሮጌው ጎማ ልክ ያባዛዋል። ትልቅ ጎማ ስትገጥም በእያንዳንዱ ዙር የበለጠ ትሄዳለህ፤ ቆጣሪው ግን አያውቅም። ቆጣሪው 100 ሲል አንተ በእውነት 107 ኪሎ ሜትር ሄደሃል። የፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ነው። 80 ሲያሳይህ፣ ቀድሞ ትክክል ይነግርህ የነበረ ከሆነ፣ አሁን 86 ገደማ እየሄድክ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በምሳሌ ላስረዳህ። እንበልና በአሮጌው ጎማ 400 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 42 ሊትር ትፈልግ ነበር፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ተኩል ነው። ትልቁን ገጥመህ ቆጣሪው 400 ሲል 48 ሊትር ቀዳህ እንበል። 48ን ለ400 ስታካፍል በመቶ 12 ሊትር ይመጣና ትደነግጣለህ፤ 14 በመቶ ጨመረብኝ ትላለህ። ነገር ግን የሄድከው 429 ኪሎ ሜትር ነው። ትክክለኛው ፍጆታ በመቶ ኪሎ ሜትር 11.2 ሊትር ነው፤ ጭማሪው ከ7 በመቶ በታች ነው። ከድንጋጤህ ግማሹ የቆጣሪው ስህተት ነበር፤ የቀረው ግማሽ ግን እውነተኛ ናፍጣ ነው። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ከሆነ በምሳሌያችን ልክ በየወሩ 14 ሊትር፣ በዓመት 168 ሊትር ይሆናል። ይህን በዛሬ የናፍጣ ዋጋ አባዛውና የጎማውን ዋጋ ጨምርበት። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ስለቆየ ቁጥሩ ካምናው ጋር አንድ አይሆንም። ናፍጣ ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን በሚሸጥበት ወቅትማ እያንዳንዱ ሊትር ምን እንደሚያስከፍል አይተኸዋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ጎማውን ሳትነካ፣ መመዝገብ ጀምር። ሁልጊዜ በአንድ ማደያ፣ ከተቻለም በአንድ ማሽን፣ ቧንቧው ራሱ ቀጥ እስኪል ሙሉ ቅዳ። ቆጣሪውን ጻፍ። እንደገና ሙሉ ስትቀዳ የገባውን ሊትርና የሄድከውን ኪሎ ሜትር ጻፍ። በአንድ ጊዜ ቀድተህ አትፍረድ፤ አንዴ ጭነት ነበረህ፣ አንዴ ባዶህን ነበርክ፣ አንዴ መንገድ ተዘግቶ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመሃል። የብዙ ጊዜውን ደምረህ አካፍል። ከ2015 ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት የስልክ ክፍያዎች መሆኑ ለዚህ ጠቅሟል፤ ደረሰኝ ቢጠፋብህ የከፈልከው ገንዘብና ቀኑ ስልክህ ላይ አለ፤ በዕለቱ የሊትር ዋጋ ስታካፍለው ሊትሩን ታገኘዋለህ። ቆጣሪህ ልክ መሆኑንም በስልክህ ካርታ ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው ረጅም መንገድ አመሳክረው፤ አጭር መንገድ ስህተቱን አያሳይህም።

ከመጠኑ እኩል ደግሞ የጥርሱ ዓይነት አለ፤ አንዳንዴም ይብሳል። ጎማ ሲሽከረከር መሬት የሚነካው ክፍል ይጨመቃል፣ መልሶ ይለጠጣል፤ በየዙሩ ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀትነት ተለውጦ ይጠፋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለቤት መኪናዎች ባወጣው ጥናት፣ ይህ ተቃውሞ በ10 በመቶ ቢቀንስ ነዳጅ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቆጠባል። በተቃራኒው ሲጨምርም እንዲሁ ያስወጣል። ኤምቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ስለሆነ አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ ይታጠፋል፣ ይጮሃል፣ ይሞቃል፤ ቶሎም ያልቃል። ኤቲ የሚባለው መካከለኛ ነው፤ አስፋልቱንም ጠጠሩንም ይችላል። ላንተ ሥራ ኤቲ ይበቃሃል። ክብደቱም አለ፤ ትልቅና ወፍራም ጎማ በአንዱ ብቻ ከአምስት ኪሎ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ በቆምክና በተነሳህ ቁጥር ያንን ክብደት ማስነሳት አለብህ። ፍሬኑም ያንኑ ለማቆም ይደክማል።

ጭቃ የሚያሳስብህ ከሆነ የወረዳውን አምቡላንስ ተመልከት። ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕ ነው፤ በሌሊት ወላድ ለማምጣት ማንም የማይገባበት ቀበሌ ይገባል። ከፋብሪካ የሚመጣበት ጎማ ቀጭን ነው፤ 7.50 አር 16 የሚባለው። ረጅም ነው፣ 80 ሣንቲ ሜትር ያህላል፤ ሞተሩና ዲፈረንሻሉም ለእሱ የተሠሩ ናቸው። ስፋቱ ግን ካንተ ያነሰ ነው። ቀጭን ጎማ ላይ ላዩን ያለውን ጭቃ ሰንጥቆ ከታች ጠንካራውን መሬት ያገኛል፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ከጭቃው ሥር ብዙ ጊዜ ድንጋይ አለ። ሰፊው ጎማ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ለአፋር አሸዋ መልካም ነው፤ ለእኛ ቁልቁለት ግን ወደ ገደል የሚያንሸራትት ነው። የእርዳታ ድርጅቶች መኪናዎችም ለዓመታት በዚሁ ቀጭን ጎማ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ የጎማ መጠን የመረጡት ለጌጥ አይመስለኝም።

ስለ ንፋስ አሁን ልንገርህ፤ ከጎማ መጠን ይልቅ በነፃ የሚገኝ ናፍጣ እዚህ ነው ያለው። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። በዓረብኛም በጃፓንኛም ቢጻፍ ቁጥሩ ይነበባል፤ ባዶ ስትሆን ስንት፣ ስትጭን የኋላው ስንት እንደሚሆን ይናገራል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው የአራቱ ጎማ ንፋስ በአማካይ በ1 ፒኤስአይ ሲያንስ ነዳጅ በ0.2 በመቶ ይጨምራል። በ10 ቢያንስ 2 በመቶ ነው። ጎማ አሥር ጎድሎ በዓይን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የራስህ የንፋስ መለኪያ ይኑርህ፤ የጎሚስታው መለኪያ ብዙ ጊዜ ወድቆ የተነሳ ነው። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ነው። አየሩ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳልና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደጋግመህ እየው። ወደ ሚሌ ቆላ ስትወርድ ጎማው ሞቆ ንፋሱ ቢጨምር አታስተንፍሰው፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ጭቃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለስላሳ መሬት ላይ ንፋስ ስትቀንስ ጎማው ይለጠጣል፣ መሬቱን ይይዛል፣ አይሰምጥም፤ ለ28 ሚሊ ሜትር ከምትከፍለው ገንዘብ የበለጠ ያሳልፍሃል። ከጭቃው ወጥተህ አስፋልት ከመግባትህ በፊት ግን መልሰህ ሙላ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ግዛ፤ ዋጋው ከአንድ ትልቅ ጎማ ያንሳል። ንፋስ ጎድሎ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሮጠ ጎማ ጎኑ ይግልና ይፈነዳል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለህ በሐረጎ ቁልቁለት በፎሌ አትውረድ። ይህን የሚያደርጉ ሾፌሮች አሉ፤ የሚቆጥቡትም ነገር የለም። ማርሽ ገብቶ፣ እግርህ ከነዳጁ ላይ ተነስቶ ስትወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ አሮጌ ፓምፕም ይሁን አዲስ ኮምፒውተር ናፍጣውን ይዘጋዋል። በፎሌ ስትወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚቃጠል ናፍጣ አለ፤ ፍሬንህም ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል፣ ይከዳሃል። ትልቅ ጎማ ያደረገ ደግሞ በማርሽ ቢወርድ እንኳ የሞተሩ መያዝ በ7 በመቶ ይላላበታል፤ ቀድሞ ከሚጠቀምበት አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።

ጎማህ ጥርሱ ካለቀ ግን መቀየርህ አይቀርም፤ ለዚያ ጊዜ የምመክርህ ይህ ነው። 245/75 አር 16 ካገኘህ ተመልከተው። ቁመቱ 774 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአሁኑ ጋር ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቆጣሪህም ማርሽህም አይዛቡም። ስፋቱ በ20 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ጭቃውን ይሰነጥቅልሃል። ለቸርኬህ ስፋት መስማማቱን ጠይቅ፤ ጎኑ ላይ ያለው የጭነት ቁጥርም ከአሁኑ እንዳያንስ። የተሠራበትን ጊዜም እይ፤ በጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩሃል፤ 2423 ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. 24ኛው ሳምንት ነው። አዲስ መስሎ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ በገበያ አለ።

አራቱንም በአንድ ላይ ቀይር፤ ስኮርታውም ያው መጠን ይሁን። ገንዘብ አነሰኝ ብለህ የኋላውን ሁለት ብቻ ትልቅ ካደረግህ፣ ፎርዊል ባስገባህበት ቀን የፊቱና የኋላው አክስል እኩል ሊዞሩ ስለማይችሉ ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጎተታሉ፤ የሚሰበረው ዕቃ ከጎማው እጅግ ይወደዳል። ጎማውን ስታስገጥም አላይመንቱንና ባላንሱን አብረህ አሠራ፤ የተንጋደደ ጎማ መንገዱን እየፋቀ ስለሚሄድ ናፍጣም ጎማም ይጨርሳል።

አብሽር፣ ቁመናዋ እንዳለ ያምራል። እስከ መስከረም ድረስ ናፍጣህን መዝግብ፤ የግሸንን ጉዞም ለብቻው ጻፈው፣ ስንት ሰው እንደጫንክና የት ላይ ማርሽ እንደቀነስክ። ከዚያ መዝገቡን ይዘህ ና፤ ጎማው ካለቀ አብረን ደሴ ወጥተን እንመርጣለን።